ምግብ ማደልም ሙያ ነው

በየዓመት በዓሉ ዋዜማ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው፣ እንጀራ ከየቤቱ ሰብስበው፣ ለጎዳና ተዳዳሪዎችና ለአቅመ ደካሞች ማዕድ ሲያጋሩ ማየት የከተሞቻችን ልማድ ሆኗል። ከበዓል ውጭም እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉ ተቋማት ያስጠለሏቸውን ሰዎች በየዕለቱ ያበላሉ። በገጠር ደግሞ ድርቅና ጦርነት ላፈናቀለው ሕዝብ ስንዴ፣ ጥራጥሬና ዘይት የሚያድሉ የአገር ውስጥና የውጭ ድርጅቶች ይሠራሉ። ስለ እነዚህ ሁሉ ስናወራ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ሰው አበሉ?» የሚል። ምግቡን የሚያበስለውን፣ እህሉን የሚያስቀምጠውንና ተረጂውን የሚመዘግበውን ሰው ማን አሠለጠነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ሰው። ደግ ልብ ምግብ ያመጣል እንጂ ምግብን ከብልሽት አይጠብቅም፤ ተረጂንም ካልተረጂ አይለይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለተቸገረ ሰው ምግብ የሚያድል ድርጅት ምን ዓይነት ሥልጠናና አቅም እንደሚያስፈልገው፣ ከየት ሊያገኘው እንደሚችልና ሕጉ ስለ ወጪው ምን እንደሚል በአጭሩ ማሳየት ነው።

ሥልጠና «የአስተዳደር ወጪ» ነውን?

በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዘንድ ለሥልጠና ገንዘብ ማውጣት ለረጅም ጊዜ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ምክንያቱም ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከዓመታዊ ወጪ ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ እንዲውል፣ ለአስተዳደር የሚውለው ደግሞ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ በድሃ ስም ተሰብስቦ ለቢሮና ለመኪና የሚውለውን ገንዘብ ለመቀነስ የታሰበ ነው። ችግሩ አመዳደቡ ላይ ነበር። አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው መመሪያ ለሥልጠና፣ ለክትትልና ለግምገማ የሚወጡ ወጪዎች በአብዛኛው በአስተዳደር ወጪነት ይያዙ ነበር። ስለዚህ መጋዘን ጠባቂውን ያሠለጠነ ድርጅት እንደ አባካኝ ሲቆጠር፣ ያላሠለጠነውና እህሉን በነቀዝ ያስበላው ድርጅት በወረቀት ላይ ቆጣቢ መስሎ ይታይ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ያን ሕግ የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ሲታይ የጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን ትርጉሙን ለወጠው። በአዲሱ ትርጓሜ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከድርጅቱ ፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ የድርጅቱን ህልውና ለማስቀጠል ግን አስፈላጊ የሆነ ወጪ ነው። የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የመብራትና የውኃ ወጪ፣ የመድን፣ የተሽከርካሪ ግዥና ጥገና በዝርዝሩ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ሥልጠና በስም አልተጠቀሰም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። የወጥ ቤት ሠራተኛን፣ የመጋዘን ኃላፊንና መዝጋቢን ማሠልጠን የምግብ ዕደላው አካል ተደርጎ በፕሮጀክት ሰነዱ ላይ ከነበጀቱ መጻፍ አለበት። በሰነዱ ውስጥ የሌለ ሥልጠና በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር ፊት ሲቀርብ መከራከሪያ ያጣል። ለዝርዝር አመዳደቡ ደግሞ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ጠይቆ መያዝ ይገባል።

ድርጅት ያላቋቋሙ፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ ብቻ የተሰባሰቡ ሰዎችስ? አዋጁ ለእነሱም ቦታ ሰጥቷል። አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ከሕዝብ ገንዘብ ወይም ንብረት ለመሰብሰብ ሲነሱ «የበጎ አድራጎት ኮሚቴ» ሆነው በባለሥልጣኑ ሊፈቀድላቸው ይችላል። በግል የባንክ ሒሳብ ገንዘብ እየሰበሰቡ ከመከሰስና ከመታማት ይህን መንገድ መከተል ይሻላል።

ሥልጠናው ምን ምን ይይዛል?

አንደኛ፣ ልየታ። ማን ይሰጠው፣ ማን ይቅር የሚለው ውሳኔ ከሁሉ ይከብዳል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ የርዳታ እህል በስፋት ከታለመለት ሰው ውጭ እየዋለ ነው በሚል በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታቸውን አቋርጠው ነበር። ርዳታው በ2016 ዓ.ም. ሲቀጥል ይዟቸው ከመጣው ለውጦች መካከል የተረጂዎች ዲጂታል ምዝገባ፣ የጭነት መኪናዎች ክትትልና የሠራተኞች ሥልጠና ይገኙበታል። በመካከሉ ለወራት የተራበው ግን እህሉን የሰረቀው ሰው አልነበረም። ስለዚህ መዝጋቢው መስፈርቱን አስቀድሞ በአደባባይ ማሳወቅ፣ ስም ዝርዝሩን ለአካባቢው ሰው አቅርቦ ማስተቸት፣ ቅሬታ የሚቀበል ሌላ ሰው መመደብ መማር አለበት። ቅሬታ ሰሚው ከአዳዩ ጋር አንድ ሰው ከሆነ ቅሬታ አይመጣም። ምግብን ለጾታዊ ጥቅም መደራደሪያ ማድረግ የሚያስባርርና የሚያስጠይቅ ድርጊት መሆኑም በመጀመሪያው ቀን ሥልጠና ላይ በግልጽ መነገር ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ መጠን። በሰብአዊ ርዳታ ሥራ «ስፊር» በመባል የሚታወቀው መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን በአማካይ 2,100 ኪሎ ካሎሪ ለዕቅድ መነሻ አድርጎ ይወስዳል። በአገራችን የተለመደው የአንድ ሰው የወር ሙሉ ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ይህ ሲሰላ ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይደርሳል። ነገር ግን ስንዴው ጥሬ ነው። ወፍጮ ቤት ገንዘብ ይጠይቃል፤ አህያም እንዲሁ። ተረጂው ከ15 ኪሎው ላይ የተወሰነውን ሸጦ ቀሪውን ያስፈጫል። የወፍጮን ወጪ ያላሰበ ዕቅድ ካሎሪውን በወረቀት ላይ ብቻ ያሟላል።

ሦስተኛ፣ መጋዘን። እህል መሬት ላይ አይደረደርም፤ ከሥሩ ፓሌት ወይም እንጨት ይገባለታል። ከግድግዳም ራቅ ብሎ፣ ሰው ዙሪያውን ሊያልፍ በሚችልበት መንገድ ይደረደራል። ቀድሞ የገባ ወይም የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃ ቀድሞ ይወጣል። እርጥበት የነካው በቆሎና ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል፤ መርዙ ደግሞ በማብሰል አይጠፋም። ሒሳቡን በተመለከተ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሚሠራበት አሠራር ለትንሽ ድርጅትም ይበቃል፤ ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22፣ ቀሪው በቢን ካርድ። ተረካቢና አስረካቢ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም።

አራተኛ፣ ወጥ ቤት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሰራጫቸው አምስት መሠረታዊ የምግብ ደኅንነት ቁልፎች ለማንኛውም ወጥ ቤት የሚሆኑ ናቸው፤ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬና የበሰለን መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃና ጥሬ ዕቃ መጠቀም። በቁጥር ሲቀመጥ ምግብ እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ መድረስ፣ እስኪቀርብ ከ60 ዲግሪ በላይ መቆየት፣ የሚቀመጥ ከሆነ ከ5 ዲግሪ በታች መቀዝቀዝ አለበት። ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት መቆየት የለበትም። በትልቅ ጎላ የተሠራ ወጥ ከላይ ቀዝቅዞ መሐሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፤ ተህዋስያን የሚራቡት በዚያ ሙቀት ነው። «አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ ያድራል» የሚለው ልማድ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ከሠርግና ከሆቴል የተረፈ ምግብ የሚቀበሉ ወገኖች በተለይ መቼ እንደተሠራና በምን ሁኔታ እንደቆየ ሳይጠይቁ መቀበል አይገባቸውም።

የሽሮ ጉዳይም ለብቻው መነሳት ያለበት ነው። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም በችግር ዘመን በገበያ ይበዛል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን እግርን ሽባ ያደርጋል። አንድ ቀን ለሚያበላ ቡድን አሳሳቢ ላይሆን ይችላል። ያንኑ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሽሮ የሚያበላ ማዕከል ግን የሚገዛውንም ሆነ በስጦታ የሚቀበለውን ሽሮ ከምን እንደተዘጋጀ ማወቅ ግዴታው ነው።

አምስተኛ፣ ማብላት የማይገባበትን ጊዜ ማወቅ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ የሚያስፈልገው ሕክምና ነው። በርኅራኄ ጠግቦ እንዲበላ ማድረግ ሕይወቱን ሊያሳጣው ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት። ክንድ መለኪያውን ጥብጣብ መጠቀም በአጭር ጊዜ የሚለመድ ነው።

ስድስተኛ፣ ክብር። በጾም ቀን ለጾመኛ ሥጋ ማቅረብ፣ ማን እንዳረደው ያልተነገረውን ሥጋ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አንድ ላይ ማቅረብ ችግረኛውን ከሃይማኖቱና ከረኃቡ እንዲመርጥ ማስገደድ ነው። ፎቶግራፍም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ይከለክላል። እጁን ለቁራሽ የዘረጋ ሰው «አልፈቅድም» የማለት አቅም የለውም። ስለዚህ ፈቃዱ ከምግቡ ጋር ተያይዞ መጠየቅ የለበትም። የተረጂዎች ስም ዝርዝርም በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሚታይ መረጃ እንጂ በቴሌግራም የሚሰራጭ ወረቀት አይደለም።

«በነፃ ነው የሰጠሁት» መከላከያ አይሆንም

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ በቅን ልቦና ምግብ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠን ሰው፣ ከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት እስካልተገኘበት ድረስ ከተጠያቂነት ይጠብቀዋል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 ግን በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ኪሣራ እንዲከፍል ሲያዝ፣ ጉዳቱ የደረሰው በተሸጠ ምግብ ነው ወይስ በተለገሰ ብሎ አይለይም። የሠለጠነ ሠራተኛና በመዝገብ የተያዘ ሥራ ያለው ድርጅት ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ለማስረዳት አይቸገርም። መዝገብ የሌለው ምን ይዞ ይከራከራል?

ከየት ይገኛል?

የስፊር መመሪያና የዓለም ጤና ድርጅት የምግብ ደኅንነት ጽሑፎች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። በየወረዳው ያለው የጤና ጽሕፈት ቤት ስለ ወጥ ቤት ንጽሕናና ስለ ምግብ አዘጋጆች የጤና ምርመራ መጀመሪያ የሚጠየቅ አካል ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በምግብና ሥነ ምግብ ምርምር የቆየ ነው። በአዋጅ 1113 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤት፣ እንዲሁም በወሎ ረኃብ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተውና በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲሲአርዲኤ የሚባለው ኅብረት ትናንሽ ድርጅቶች ልምድ ካላቸው ጋር የሚገናኙባቸው መድረኮች ናቸው።

ከሁሉ የቀረበው ግን እድር ነው። ለሦስት መቶ ለቀስተኛ በአንድ ሌሊት ምግብ የማድረስ ልምድ፣ ጎላ፣ ድንኳን፣ ደረሰኝና ገንዘብ ያዥ በየመንደሩ አለ። አዲስ የሚመሠረት የምገባ ማዕከል ከእድሩ እናቶች ጋር ቢማከር ብዙ ይማራል፤ እነሱም ስለ ሙቀትና ስለ አቀማመጥ የሚጨመርላቸውን አይጠሉም።

የአንባቢው ድርሻ

የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በቀድሞ መልኩ ሥራውን አቁሟል። ከውጭ የሚመጣው ሲቀንስ የአገር ውስጥ ሰጪ ድርሻ ይጨምራል፤ የሚጠየቀውም ጥያቄ አብሮ መጨመር አለበት። ገንዘብ ከመስጠታችን በፊት መጋዘኑን ማን እንደሚይዝ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚመረምር፣ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ እንጠይቅ። ሒሳብ አዋቂው በወር አንድ ቅዳሜ መዝገብ ቢያስተካክል፣ የጤና ባለሙያዋ ግማሽ ቀን ብታሠለጥን፣ ጠበቃው አንድ የፕሮጀክት ሰነድ ቢያርም ስጦታው ከአንድ ኩንታል ጤፍ አያንስም። «ለሥልጠና የሚሆን ገንዘብ አንሰጥም፣ ለምግብ ብቻ ነው» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ግን እንተወው። ስንዴውን ከነቀዝ፣ ሕፃኑን ከሞት፣ ችግረኛውንም ከውርደት የሚጠብቀው ያው ልንሰጠው ያልፈለግነው ገንዘብ ነውና።