ሰማዕቷ ማን ትባላለች?

መቀሌን የረገጠ አንባቢ የሰማዕታት ሐውልትን ሳያይ አይመለስም። ከፍታው 51 ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ ወርቃማ ሉል ተሸክሟል። የቆመው ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ከደርግ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁ ታጋዮች ነው። የሰማዕታቱ ቁጥር ሲነሳ ከ60 ሺሕ በላይ ይባላል። ከሕወሓት ተዋጊዎች ሲሶ ያህሉ ሴቶች እንደነበሩም ይነገራል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን አብረው ሲጠሩ እምብዛም አይሰማም። ለመሆኑ ከ60 ሺሑ ሴቶቹ ስንት ናቸው? እነማንስ ይባላሉ?

በእኔ እምነት ለወደቀ ወታደር የሚሰጠው ክብር የሚጀምረው ከመዝገብ ነው፤ ሐውልት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስሟ ያልተመዘገበ ሴት፣ ምስሏ በነሐስ ቢቀረጽም፣ የተከበረችው እሷ ሳትሆን በእሷ አምሳል የተሠራች ሌላ ሴት ናት።

የሴት ታጋይ ስም በቀላሉ የሚጠፋባቸው ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የሜዳ ስም ነው። ወንዱም ሴቷም በረሃ ሲወርዱ አዲስ ስም ያወጡ ነበር። ሁለተኛው አወጣጣቸው ነው። ከታጋዮቹ መካከል ያለ ፈቃዳቸው ሊዳሩ ሲሉ ጠፍተው የወጡ ልጃገረዶች ነበሩ፤ እንዲህ የወጣች ልጅ የት እንደሄደች ለቤተሰብ ተናግራ አትሄድም። ሦስተኛው ትዳር ነው። በድርጅቱ ሕግ እስከ 1977 ዓ.ም. አካባቢ ጋብቻ የተከለከለ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት የወደቁ ብዙ ሴቶች እናቴ ወዴት ነች ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አልተዉም።

ዓዲ ሓቂ ያነጋገርኳቸው አንዲት አደይ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ታናሽ እህታቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቤት ጠፍታ ወጣች። በ1981 ዓ.ም. ታጋዮች መቀሌ ሲገቡ አደይ ያገኙትን ታጋይ ሁሉ በቤት ስሟ እየጠሩ ጠየቁ። የሚያውቃት አልተገኘም። ከዓመታት በኋላ አንዲት የቀድሞ ታጋይ ስለ ጓደኛዋ ስታወራ የትውልድ መንደሯንና ፊቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ብታነሳ፣ አደይ እህታቸውን ለዩ። ሁለቱን ስሞች ያገናኘው የአንዲት ሴት ትዝታ እንጂ መዝገብ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሕጉን እናንሳ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 መሠረት፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰንለት ሊጠይቅ ይችላል። በመንግሥት ሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመከላከያ ሠራዊት አባል ስትሞት ባሏ፣ ልጆቿና ወላጆቿ የተተኪ አበል የሚያገኙበት ሥርዓት አለ። ሁሉም ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ሞቷ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ የእናቷ ጡረታ፣ የልጇ ሞግዚትነት፣ የባሏ ዳግም ጋብቻ ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንባቢ ልብ ይበል፤ መዝገቡ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ ካቴድራል በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአገልግሎት ላይ እያሉ የሞቱ ከ1,400 በላይ ሴቶች ስም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ መታሰቢያው የተመረቀው በ1917 ዓ.ም. ነው። በዋሽንግተኑ የቬትናም ጦርነት ግድግዳ ላይ ከ58 ሺሕ በላይ ስሞች ሲኖሩ ስምንቱ የሴቶች ናቸው፤ ስምንቱም ነርሶች ነበሩ። የሴቶቹ ሐውልት በአቅራቢያው የቆመው ግድግዳው ከተመረቀ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. ነው። እዚያ ስሙ ቀደመ፣ ሐውልቱ ተከተለ። በአንጻሩ ለንደን ውስጥ በ1997 ዓ.ም. የተመረቀው የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሴቶች መታሰቢያ 17 የተሰቀሉ የሥራ ልብሶችን ያሳያል፤ ፊትም ስምም የለውም። ውብ ሥራ ነው፤ ልጇን የምትፈልግ እናት ግን ከልብስ ላይ ምን ታነባለች?

ጥያቄው የድሮ ብቻ ቢሆን በታሪክ ተመራማሪዎች ትከሻ ላይ በጣልነው ነበር። ይሁንና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ሌላ ትውልድ በላ። በፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ፣ በዓመቱ ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለቤተሰቦች መርዶ ተነገረ። በዓዲ ሓቂ ቤቶችም ድንኳን ተተከለ፤ ከተለቀሰላቸው መካከል ሴቶች ልጆች ነበሩ። በሌላው ወገን በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉና የወደቁ ሴቶችም ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የመጡ ናቸው። የእናት ሐዘን ደግሞ ወገን አይለይም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የወደቁት ሁሉ በሙሉ ስም፣ በሜዳ ስም፣ በጾታ፣ በትውልድ ቦታና በወደቁበት ቦታ ይመዝገቡ። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ በቃል ከሚነገረው መርዶ ሌላ ለፍርድ ቤትና ለጡረታ የሚያገለግል የጽሑፍ ማስረጃ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ የቀድሞ ሴት ታጋዮች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይቀዳ፤ ዛሬ አብዛኞቹ አርጅተዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር የብዙ ጓዶቻቸው ስም አብሮ ይቀበራል። ለረጅም ጊዜ የንግድና የሕግ ትምህርት ሲሰጥበት የቆየው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዓዲ ሓቂ ካምፓስ ከነዚህ አደዮች ደጃፍ ብዙም አይርቅም። የሕግ ተማሪዎች ማመልከቻ በመጻፍና ምስክር በማሰባሰብ ቢያግዟቸው ሸክሙ ይቀላል።

ትግራይ በሐውዜን ገበያ በ1980 ዓ.ም. የተጨፈጨፉትን የምታስበው በየዓመቱ ሰኔ 15 ቀን፣ በሰማዕታት ቀን ነው። በዚያ ቀን አበባ ከመቀመጡ በፊት የሴቶቹ ስም አንድ በአንድ ቢነበብ ሥነ ሥርዓቱ ይረዝም ይሆናል። ይርዘም። ቸር እንሰንብት።