ማን ያውቅሃል?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት አንድ ፖስታ ይዞ ቤቴ መጣ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ በአንድ ባንክ አራት ዓመት ሠርቷል፤ አሁን ዱባይ በፋይናንስ መስክ ሥራ ይፈልጋል። «ጋሼ፣ እርስዎ ባንክ ቤት የኖሩ ሰው ነዎት፤ እዚያ የሚያውቁት አይጠፋም። አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለኝ። ፖስታው ውስጥ ያለው ደግሞ ሥራ አገናኝ ነኝ ላለው ሰው የከፈለበት ደረሰኝ ነው። «ለቃለ መጠይቅ ማስመዝገቢያ» ይላል። ሰውየው ስልኩን ካጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል።

ስለ ደረሰኙ ብዙ አልተናገርኩም። በዚህ ሙያ ደህና ሰው አፈላላጊ ድርጅት የሚከፈለው ከቀጣሪው እንጂ ከሥራ ፈላጊው አይደለም። ይህንን ልጁ አሁን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል፤ ከፍሎ ተምሮታላ። እኔን የከበደኝ ደብዳቤው ነው። ልጁ ግን ምሬቱን ቀጠለ። «እዚህ ያለ ዘመድ ሥራ የለም፣ ውጭ ግን በችሎታ ነው ሲሉን ነበር። ለካ እዚያም በሰው ነው!» ይኼኔ ጆርጅ ብሎወርስ ትዝ አለኝ።

የአገራችን የባንክ ታሪክ እኮ ሲጀምር ውጭ አገር የፋይናንስ ሥራ ያገኙ ሰዎች ታሪክ ነው። ልዩነቱ፣ «ውጭ አገር» የተባልነው እኛ ነን። የካቲት 1898 ዓ.ም. ምኒልክ የመረቁት የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበርና ኃላፊዎቹም በዚያው መንገድ መጡ። ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ ሲያደርጉትም ገዥው ኮሊየር የሚባል የውጭ ሰው ነበር። ከጣሊያን በኋላ የመንግሥት ባንክ ሲቋቋም ደግሞ ብሎወርስ የሚባል አሜሪካዊ መጣና በ1935 ዓ.ም. ገዥ ሆነ። ከዚያ በፊት ላይቤሪያ ውስጥ የጎማው ኩባንያ የፋየርስቶን በነበረው የሞንሮቪያ ባንክ ነበር የሚሠራው።

ከሞንሮቪያ ወደ አዲስ አበባ ምን አመጣው? ችሎታው አንድ ነገር ነው፤ ፓስፖርቱም ሌላ ነገር ነው። እንግሊዞች ገንዘባችንን ለንደን በሚቆጣጠረው የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ሥር ሊያደርጉት ይፈልጉ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አልፈለገም፤ ፊቱን ወደ አሜሪካ አዞረ። እንግዲህ እንግሊዛዊ አለመሆን ራሱ እንደ ማስረጃ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። (የሥራ ማስታወቂያ ቢወጣ ኖሮ ይኼኛው መስፈርት መቼም አይጻፍም።)

ሥራው ቀላል አልነበረም። ገበያው ላይ ማርትሬዛው አለ፣ የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ አለ፣ ከጣሊያን የተረፈው ሊሬም አለ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሡ የልደት ቀን፣ አዲሱ ገንዘብ ወጣ። ገበሬው ወረቀት አላምንም ስለሚል ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ተሠራ፤ ብሩን ያበደረችው አሜሪካ ናት። በወረቀቶቹ ላይ ያለው ፊርማ የብሎወርስ ነው።

ወሬዬ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ይላል። ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የ44 አገሮች ልዑካን አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ዉድስ በሚባል ቦታ በአንድ ሆቴል ተሰበሰቡ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትም የዓለም ባንክም የተጠነሰሱት እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ልዑካን ሁለት ነበሩ፤ ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን እና ብሎወርስ። ከቻይና ልዑካን ጋር ደግሞ አርተር ያንግ የሚባል አሜሪካዊ አማካሪ ነበር። ሦስት ሳምንት አንድ ሆቴል!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ያንግ የሳዑዲ ዓረቢያን ገንዘብ ሥርዓት ለማስያዝ ተላከ። በእሱ ዕቅድ በ1944 ዓ.ም. የሳዑዲ ገንዘብ ኤጀንሲ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ገዥስ ማን ሆነ? የእኛው ብሎወርስ። እሱን የተካው ስታንዲሽ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ነው። በ1950 ዓ.ም. የመጣው ፓኪስታናዊው አንዋር ዓሊ ደግሞ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ የዚያው ሆቴል ልጅ በሉት። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ 16 ዓመት ያህል በገዥነት ቆየ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ «አላልኩም? በዘመድ ነው!» አለ። በከፊል ልክ ነው። ግን ጅዳ ላይ የነበረውን ችግር እንየው። የብር ሪያልና የወርቅ ፓውንድ አብረው ይገበያያሉ፤ የአንዱ ዋጋ ከሌላው ጋር ሲወጣ ሲወርድ ነጋዴውም መንግሥቱም ይታመሳል። የሚፈለገው ሰው ድብልቅልቅ ያለ ገንዘብ ያለበት አገር ገብቶ መልክ ያስያዘ ሰው ነው። ብሎወርስ ይህን አዲስ አበባ ላይ ሠርቶታል፤ ሥራውም በሙያ ሰዎች ፊት ነበር። ስለ እሱ የሚመሰክር ሰው የሚመሰክርበት ነገር ነበረው።

የሚያናድደው ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሽልንጉን የቆጠሩት፣ ማርትሬዛውን የመዘኑት፣ መዝገቡን የጻፉት የባንኩ ጸሐፊዎች ሆቴሉ ውስጥ አልነበሩም። የመንግሥት ባንክ ኢትዮጵያዊ ገዥ፣ ምናሴ ለማን፣ ለማግኘት ከ15 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ልምዱ የጋራ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ምስክር ያገኘው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሰው የሚመሰክረው ላየው ነው፤ ማን እንደሚታይ የሚወስነው ደግሞ ሌላ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ባንክ ስቀጠር ዋስ አምጣ ተብዬ አባቴ ቤቱን አስይዞልኛል። እኔ ግን የድጋፍ ደብዳቤ ስጽፍ ምንም እንደማላስይዝ አድርጌ ነበር የምጽፈው። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጠባየ መልካም» እያልኩ የስንቱን ጎረቤት ልጅ ሸኘሁ። አንድ ቀን ባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠራ የድሮ ባልደረባዬ ደወለና፣ «ይህ የላክኸው ልጅ ሒሳብ ሲያስታርቅ በዓይንህ አይተሃል?» አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ስለዚህ የእህቴን ልጅ «መጀመሪያ ሥራህን ልይ» አልኩት። ከፋው፤ እናቱም ደውላ ወቀሰችኝ። የሚሠራበትን ባንክ ሰነድ አምጣ ማለት ነውር ነው። እኔ ግን የዕድራችን ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ የሦስት ዓመት መዝገብ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዝረክርኮ ተቀምጧል። እሱን ሰጠሁት። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ደረሰኙን ከባንክ ደብተሩ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። 340 ብር ጎደለ። ጉድለቱ የመጣው እኔ አንድ የቀብር ወጪ ሁለት ጊዜ በመመዝገቤ ነበር። ተከራከርኩት፤ ገጹን ገልጦ አሳየኝ።

ደብዳቤው ባለፈው ማክሰኞ ዱባይ ላለች የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሄደ። አራት መስመር ነው፤ «ታታሪ» የሚል ቃል የለበትም። ስለ ዕድሩ መዝገብና ስለ 340 ብሩ ይናገራል፤ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔንም ጽፌአለሁ። መልስ ገና አልመጣም። እሁድ ደግሞ የዕድር ስብሰባ ነው፤ ለሊቀ መንበሩ እስካሁን አልነገርኩም።