የጠፋው ዕቃ ከማን እጅ ጠፋ? ከባሶ ገበያ እስከ ፖስታ ቤት

ሻጭና ገዢ በአንድ ገበያ ተገናኝተው፥ ዕቃውን በዐይናቸው አይተው፥ በዋጋው ተከራክረው፥ ገንዘቡንና ዕቃውን እጅ በእጅ በሚለዋወጡበት ቦታ «ዕቃው በመንገድ ጠፋ» የሚል ክርክር አይነሣም። ክርክሩ የሚነሣው ሻጩ በአንድ አገር፥ ገዢው በሌላ አገር ኾነው በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው ሲገባ ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ማሩን፥ በርበሬውን ወይም የሽመና ሥራውን በኢንተርኔት እያሳየ ለአዲስ አበባና ለውጭ አገር ገዢ የሚሸጥ ሰው ይህ ችግር በርሱ ዘመን የተፈጠረ ይመስለው ይኾናል። የጎጃምን የንግድ ታሪክ ለሚመለከት ሰው ግን ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ይኸውም ዕቃው ሲጠፋ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስና በኋላ ፖስታ ይዞት የመጣውን መልስ አነጻጽረን፥ ለዛሬው ነጋዴ የሚበጀውን ለማመልከት እንሞክራለን። ዘመኑ ኹሉ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ከደቡብ ጎጃም ገበያዎች ኹሉ ስሙ የገነነው የባሶ ገበያ ነበረ። ከዓባይ ማዶ የሚሻገሩት ነጋዴዎች ቡና፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ሲያመጡ፥ ከሰሜን የሚወርዱት ደግሞ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይዘው በዚያ ይገናኙ ነበር። ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. በጎጃም የቈየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ያየውን ጽፎ አስቀርቶልናል። ከባሶ የተነሣው ዕቃ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ለመድረስ ረዥም ጊዜ ይፈጅበት ነበር። በመንገዱም ወንዝ ነበረ፤ ሽፍታ ነበረ፤ በየኬላው ቀረጥ ነበረ። በዓባይ ላይ ድልድይ በሌለበት መሻገሪያ ዕቃው አየር በተነፋ ስልቻ እየተንሳፈፈ ያልፍ ስለ ነበረ፥ በአንድ ጊዜ የውሃ ግፊት የአንድ ነጋዴ የዓመት ድካም ሊጠፋ ይችል ነበር።

ኾኖም በዚያ ዘመን ዕቃ ብቻውን አይሄድም። ከዕቃው ጋራ ስሙና አገሩ የታወቀ ሰው አብሮ ይሄዳል። ሲራራ ነጋዴዎች በነጋድራሳቸው ሥር ተሰብስበው ስለሚጓዙ፥ ዕቃው የጠፋበት ሰው «ማንን ልጠይቅ?» ብሎ አይቸገርም። ለሌላ ሰው የሚላክ ገንዘብ ወይም ዕቃ ሲኾን በእማኝ ፊት ይሰጣል፤ ስሙም አደራ ይባላል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ ለብቻው ደንግጓል። ሕዝቡም «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» እያለ ክብደቱን ሲያስተምር ኖሯል፤ አደራ በላ መባልም ከስድብ ኹሉ የከፋ ስድብ ኾኖ ቈይቷል። ደብዳቤ የሚይዝ መልእክተኛም ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ከፍ አድርጎ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ሰውዬው የሰው አደራ መያዙን በመንገድ ያለው ኹሉ ያይ ነበር፤ መልእክቱም የሚጠበቀው በመታየቱ ነበር።

አደራ ተቀባዩ ሳይታወቅ ዕቃው በአንድ አገር ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ ደግሞ ሌላ ሥርዐት ነበረ። ይህም በአንዳንዱ ዘንድ አፈርሳታ፥ በአንዳንዱ ዘንድ አውጫጭኝ የሚባለው ነው። ጥፋት የተፈጸመበት አገር ሰው በጭቃ ሹሙ ወይም በሽማግሌዎች ትእዛዝ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ሳይመጣ የቀረ ሰው ይቀጣል። የመጣውም የሚያውቀውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቃል፤ ነገሩ እስኪወጣም ወደ ሥራው አይመለስም። በመጨረሻ ጥፋተኛው ካልታወቀ፥ ያገሩ ሰው በኅብረት አዋጥቶ ለባለ ንብረቱ ይከፍላል። የዚህ ሥርዐት ትርፉና ጉዳቱ ግልጥ ነው። ትርፉ፥ ንብረቱ የጠፋበት ሰው ባዶ እጁን አለመመለሱ ነው። ጉዳቱ ግን አንድ ሌባ በሠራው ብዙ ንጹሓን ሰዎች መክፈላቸው ነው።

እንግዲህ ፖስታ ወደ አገራችን የገባው በዚህ ልማድ መካከል ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹም ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጡ፤ ባራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ነበረባቸው። ነገር ግን ቴምብሩ ከአገር ውጭ ገና አልታወቀም ነበርና፥ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር እንዲጨመርበት ግድ ኾነ። ይህ ችግር የተወገደው ኢትዮጵያ በ1867 ዓ.ም. በስዊስ አገር በበርን ከተማ በተመሠረተው በዓለም ፖስታ ኅብረት ውስጥ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. አባል በኾነች ጊዜ ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የምሥራቁ መልእክት ፈጠነ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው መንቆረር የነበረውን ስሟን ያስለወጧት ደብረ ማርቆስ ግን ባቡር አልደረሰላትም። ወደርሷ የሚላከው መልእክት በእግረኛና በበቅሎ ጎሐ ጽዮን ላይ ወርዶ፥ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን የዓባይን በረሃ አቋርጦ፥ ደጀን ላይ የሚወጣ ነበረ። የመኪና መንገድ ከተሠራ በኋላም ያው ቍልቍለትና ዐቀበት አልቀረም፤ በ2000 ዓ.ም. ፍጻሜ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ሲመረቅ ግን ወንዙን መሻገሩ ቀለለ።

ይኹን እንጂ ፖስታ ያመጣው ትልቁ ነገር ፍጥነት አይደለም፤ ደረሰኝ ነው። በፖስታ ሥራ አንድ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ሰጪው ያስፈርማል፥ ተቀባዩ ይፈርማል። በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት፥ ተመዝግቦ የተላከ ዕቃ ሲጠፋ ኀላፊ የሚኾነው፥ ዕቃውን ያለ ተቃውሞ ተቀብሎ ለባለቤቱ ወይም ለሚቀጥለው የፖስታ መሥሪያ ቤት ማስረከቡን ማስረዳት ያልቻለው ነው። ይህ ፍርድ ከአውጫጭኝ ጋራ ሲመዛዘን ልዩነቱ ይታያል። አውጫጭኝ «ከመካከላችሁ አንዱ ሠርቶታልና ኹላችሁ ክፈሉ» ሲል፥ ደረሰኝ ግን «የተቀበለና ያላስረከበ እርሱ ይክፈል» ይላል። በእኛም ቋንቋ ተመዝግቦ በፊርማ የሚሰጠው ደብዳቤ የአደራ ደብዳቤ መባሉ የሚያስደንቅ ነው፤ የጥንቱ የእማኝ ሥራ ወደ ወረቀት ተዛውሯልና።

ዛሬ ተመዝግቦ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ዕቃ ዐሥራ ሦስት ምልክት ያለው የመከታተያ ቍጥር ይሰጠዋል። ይኸውም በመጀመሪያ የአገልግሎቱን ዐይነት የሚያሳዩ ኹለት የላቲን ፊደሎች፥ ቀጥሎ ዘጠኝ አኃዞች፥ በመጨረሻ የተላከበትን አገር የሚያመለክቱ ኹለት ፊደሎች ናቸው። ዕቃው ባይደርስ፥ ከተላከበት ማግስት ጀምሮ እስከ ስድስት ወር ድረስ እንዲፈለግ ማመልከት ይቻላል። ካሣ የመጠየቅ መብት በመሠረቱ የላኪው ነው፤ ላኪው ከፈቀደ ለተቀባዩ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ በውጭ አገር ያለውን ገዢ «ያገርህን ፖስታ ቤት ጠይቅ» ብሎ ማሰናበት ለሻጭ አይገባውም። የማይካሥም ጥፋት አለ፤ በአስተሻሸጉ ጉድለት የተበላሸ፥ ክልክል የኾነ፥ ወይም ከሰው ዐቅም በላይ በኾነ ኀይል የጠፋ ዕቃ እንደ ነገሩ ኹኔታ ከኀላፊነት ውጭ ይኾናል።

ከመጥፋት ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የአድራሻ ጉድለት ነው። በአገራችን ፖስታ በብዛት የሚታደለው በፖስታ ሣጥን እንጂ በየቤቱ በር አይደለም። «ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች» ተብሎ የተጻፈ አድራሻ ላገሩ ልጅ ይበቃ ይኾናል፤ ለፖስታ ሠራተኛ ግን አይበቃውም። የሰዎች ስም ስለሚመሳሰልም ከአባት ስም ጋራ የአያት ስም፥ የሣጥን ቍጥርና የስልክ ቍጥር መጻፍ ያስፈልጋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ያለ ደረሰኝ የሚላከው ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ከመናኸሪያ ለአውቶቡስ ረዳት ዕቃውን ሰጥቶ፥ የሰሌዳውን ቍጥር ለገዢው በስልክ ነግሮ ይሄዳል። ብዙ ጊዜም ዕቃው በደኅና ይደርሳል፤ ይህም የሕዝባችን የአደራ ልማድ ገና እንዳልሞተ ያስረዳል። ባይደርስ ግን ሻጩ በኹለት በኩል ይጐዳል። እማኝ አላቆመምና የጥንቱ ሥርዐት አይረዳውም፤ ደረሰኝ አልያዘምና አዲሱ ሥርዐት አይሰማውም። በመናኸሪያው የነበረውን ሰው ኹሉ ሰብስቦ በጅምላ ማስከፈልም ዛሬ አይቻል፤ ቢቻልም ፍትሕ አይኾንም። ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለው ገዢ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ወይም ሻጩ ከትንሹ ትርፉ አውጥቶ ይክሳል። በዚህ ምክንያት የሚጠፋው የአንድ ሰው ማር ብቻ አይደለም። ያ ገዢ ካገሩ ነጋዴ ኹሉ ለመግዛት ስለሚፈራ፥ ባልሠሩት የሚከፍሉ ሌሎች ይኖራሉ፤ ይህም ሽማግሌ ያልጠራው አውጫጭኝ ነው።

እንግዲህ በሩቅ የሚሸጥ ነጋዴ ሊያደርገው የሚገባው ግልጥ ነው። ዕቃውን አስመዝግቦ ይላክ፤ ደረሰኙንና ከገዢው ጋራ የተጻጻፈውን ይጠብቅ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቍጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ የተደረገ መልእክት በዚህ ምክንያት ብቻ ሕጋዊነቱን እንደማያጣ ስለ ደነገገ፥ በስልክ የተላከ ጽሕፈትም እንደ እማኝ ሊቈጠር ይችላል። ዕቃው ቢጠፋ ሻጩ አስቀድሞ ገዢውን ያስደስት፤ ከዚያ በኋላ በደረሰኙ አጓዡን ይጠይቅ። ገዢው የሚያውቀው ሻጩን እንጂ አጓዡን አይደለምና። የመምህራንና የሹማምንት ድርሻም አለበት፤ ተማሪው አድራሻ በሚገባ መጻፍንና ደረሰኝ መጠየቅን በትምህርት ቤት ቢማር፥ በየመናኸሪያውም ዕቃ ተመዝግቦ የሚሰጥበት ሥርዐት ቢስፋፋ፥ ዓባይን የሚሻገር ዕቃ ኹሉ በማን እጅ እንዳለ የሚታወቅ ይኾናል።