ድምፁ የጠፋ ሰሌዳ፤ የቀድሞዎቹ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች የድምፅ አሠራር ታሪክና የብልሽቱ ፍለጋ

ሳንቲም እየተጣለባቸው በመዝናኛ ቦታዎች ይሠሩ የነበሩት የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ዛሬ አብዛኞቹ በሰብሳቢዎችና በቤተ መዘክሮች እጅ ይገኛሉ። በእነዚህ መሣሪያዎች የሰርኪዩት ሰሌዳዎች ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች አንዱ የድምፅ መጥፋት ነው። ምስሉ ይታያል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል፤ ድምፅ ግን የለም። መሣሪያው ሥራውን ስላላቆመ ብልሽቱ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ድምፁ የጨዋታው ጌጥ ብቻ አልነበረም። የብልሽቱም ቦታ ሰሌዳው እንደተነደፈበት ዘመን ይለያያል። በመሆኑም የድምፁን አሠራር ታሪክ የማያውቅ ጠጋኝ ጊዜውን በከንቱ ሊያጠፋ ይችላል።

ከምስሉ ሰርኪዩት የተወሰደ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው «ፖንግ» ፕሮሰሰርም ሆነ ፕሮግራም አልነበረውም። ሥራውን ሁሉ የሚያከናውኑት በሰሌዳው ላይ የተደረደሩት የሎጂክ ሰርኪዩቶች ነበሩ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት ኖላን ቡሽኔል የሕዝብ ሆታ የሚመስል ድምፅ እንዲኖረው ፈልገው ነበር። ነዳፊው መሐንዲስ አለን አልኮርን ግን ለዚህ የሚሆን የተለየ ክፍል ከመጨመር ይልቅ ምስሉን የሚያመሳስለውን ሰርኪዩት መርምረው፣ አስቀድመው በውስጡ የነበሩትን ድግግሞሾች ለድምፅ አዋሏቸው።

ይህ ውሳኔ ለጠጋኙም መንገድ ያሳያል። ምስልና ድምፅ ከአንድ ምንጭ ስለሚነሡ፣ ምስሉ ጸንቶ ከታየ የድምፁም ምንጭ በሕይወት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ብልሽቱ የሚፈለገው ከምንጩ በኋላ፣ ይኸውም ድግግሞሹን ለተወሰነ ጊዜ በሚያሳልፉት ጌቶችና ወደ ስፒከሩ በሚወስደው መስመር ላይ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ሰርኪዩት

እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ነዳፊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ኢንቴል 8080 ፕሮሰሰርን ተጠቀሙ። ሆኖም ድምፁን የሚፈጥረው ፕሮሰሰሩ አልነበረም። ለጥይቱ፣ ለፍንዳታውና ለወራሪዎቹ እርምጃ ከትራንዚስተር፣ ከሬዚስተርና ከካፓሲተር የተገነቡ ልዩ ልዩ ሰርኪዩቶች ነበሩ። ለሚያልፈው በራሪ አካል ደግሞ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሥሪት የሆነው ኤስ.ኤን. 76477 የተባለው የድምፅ ቺፕ ተመድቦ ነበር። የፕሮሰሰሩ ድርሻ እያንዳንዱን ሰርኪዩት በአንድ ቢት መክፈትና መዝጋት ብቻ ነበር።

የወራሪዎቹ እርምጃ በሚፈራረቁ አራት ጎርናና ድምፆች ይሰማል። ቁጥራቸው ሲመነምን እርምጃው ይፈጥናል፤ ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። ተጫዋቹ ዓይኑን ከዒላማው ሳያነሣ የአደጋውን መቃረብ በጆሮው ይረዳ ነበር። ድምፁ ሲጠፋ እንግዲህ የሚጎድለው ከጨዋታው አካል አንዱ ነው።

ከእነዚህ ድምፆች አንዱ ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ የሚሰሙ ከሆነ ስሕተቱ የሚገኘው በራሱ በዚያ ድምፅ ሰርኪዩት ወይም በሚከፍተው ቢት ላይ ነው። ሁሉም ከጠፉ ግን ወደ ጋራው መንገድ፣ ማለትም ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ወደ ኃይል ምንጩና ወደ ስፒከሩ መሄድ ይገባል። በዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፕሮግራሙ አምፕሊፋየሩን የሚከፍትበት የተለየ ቢት ስላለው፣ ሳንቲም ተጥሎ ጨዋታ እስኪጀመር ድረስ መሣሪያው ዝም ማለቱ የተፈጥሮው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ድምፅ በሜሞሪና በሁለተኛ ፕሮሰሰር

እ.ኤ.አ. በ1980 ናምኮ ባወጣው «ፓክማን» የድምፁ ቅርጽ ራሱ ወደ ሜሞሪ ገባ። አንድ ሞገድ በ32 ደረጃዎች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ደረጃ በአራት ቢት ተጽፎ፣ በትንሽ ቋሚ ሜሞሪ ውስጥ ተቀመጠ። ሦስቱም የድምፅ መስመሮች ቅርጻቸውን የሚያነቡት ከዚሁ ሜሞሪ ነው። ስለዚህ እሱ ሲበላሽ አምፕሊፋየሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ሦስቱም በአንድነት ሊጠፉ ወይም ሊዛቡ ይችላሉ።

በዚያው ዘመን የአሜሪካው ዊልያምስ ኩባንያ «ዲፌንደር» ለተባለው ጨዋታ የድምፁን ሥራ ሁሉ የራሱ ፕሮሰሰር ላለው የተለየ ሰሌዳ ሰጠ። ዋናው ሰሌዳ በጥቂት ሽቦዎች የትእዛዝ ቁጥር ይልካል፤ የድምፁ ሰሌዳ ትእዛዙን ተቀብሎ ድምፁን ያሰላል። በዚህ ሰሌዳ ላይ የመፈተሻ ቁልፍ ተደርጎለታል። ቁልፉ ሲጫን ድምፅ ከተሰማ ሰሌዳው ጤነኛ ስለሆነ ስሕተቱ በዋናው ሰሌዳ ወይም በማገናኛው ሽቦ ላይ ይፈለጋል። ካልተሰማ ግን በመጀመሪያ የኃይል መጠኑ፣ ቀጥሎ የፕሮሰሰሩ የክሎክና የሪሴት መስመር፣ ከዚያም ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጠው ክፍል ይመረመራል።

እ.ኤ.አ. ከ1985 በኋላ በጃፓን የጃማ የማገናኛ ደረጃ በመስፋፋቱ የስፒከሩ ሁለት መስመሮች የታወቀ ቦታ አገኙ። ይህም ሰሌዳዎችን እየለዋወጡ ለመፈተን አመቺ ሆነ። ሆኖም በአንዳንድ ሰሌዳዎች አምፕሊፋየሩ ሁለቱንም የስፒከር መስመሮች ስለሚነዳ፣ አንዱን ከመሬት መስመር ጋር ማገናኘት አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

የፍለጋው ቅደም ተከተል

ሰሌዳው የየትኛውም ዘመን ሥራ ቢሆን፣ ፍለጋው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ይመረጣል። በቅድሚያ የድምፅ መጠን ማስተካከያውና በሰሌዳው ላይ ያሉት የምርጫ ማብሪያና ማጥፊያዎች ይታያሉ። ቀጥሎ ስፒከሩ ከሰሌዳው ተለይቶ በኦም ሜትር ይለካል፤ 8 ኦም የተባለ ስፒከር ሲለካ ከ8 ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይ ደኅና ነው። ከዚያም የኃይል መጠኑ ይረጋገጣል። ሎጂኩ የሚሠራው በ5 ቮልት ሲሆን አምፕሊፋየሩ ግን ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ይፈልጋል። በመሆኑም 12 ቮልቱ ቢቋረጥ ጨዋታው እንደ ወትሮው እየሄደ ድምፁ ብቻውን ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ መንገዱን ከመካከል መክፈል ይጠቅማል። በካፓሲተር በኩል በተገናኘ ትንሽ መፈተሻ አምፕሊፋየር ወይም በኦሲሎስኮፕ የዋናው አምፕሊፋየር መግቢያ ይመረመራል። እዚያ ድምፅ ካለ ስሕተቱ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከሌለ ወደ ምንጩ መመለስ ያሻል። በዕድሜ ብዛት የደረቁ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችና የዛጉ የድምፅ ማስተካከያዎች በቅድሚያ የሚጠረጠሩ ናቸው።

ጥገናው ከአንድ ሰሌዳ አልፎ የሚሄድ ጥቅም አለው። በሜሞሪ የተጻፈ ድምፅ ይዘቱ ተገልብጦ ሊቀመጥ ይችላል። የ«ስፔስ ኢንቬደርስ» ድምፆች ግን በክፍሎቹ ልክ እንጂ በፕሮግራም አልተጻፉም። የቀድሞ ጨዋታዎችን በኮምፒዩተር የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች እነዚህን ድምፆች ለረጅም ጊዜ ከእውነተኛ መሣሪያ በተቀዳ ድምፅ ሲተኩ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነበር። አንድ ጠጋኝ ያልተጻፈበትን ካፓሲተር በግምት ሲለውጥ ድምፁ ይመለስ ይሆናል፤ የሚመለሰው ግን ሌላ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው በደኅና እየሠራ ሳለ የክፍሎቹን ልክና በየነጥቡ የሚታየውን ሞገድ መዝግቦ ማስቀመጥ ከጥገናው ሥራ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።