ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ ኮሌጆች፦ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አመሠራረትና አመራር

ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅኔ ዋሸራ፣ ለአቋቋም ጎንደር እየተባለ፣ እያንዳንዱ የዕውቀት ዘርፍ የራሱ ደብርና የራሱ መምህር በነበረው አገር፣ ትምህርትን በየክፍሉ መመደብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሥርዓት አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ አኩፋዳውን አንግቶ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው እየተሻገረ ሊቅነቱን ያደላድል ነበር እንጂ፣ ጉባኤያቱን ሁሉ በአንድ አለቃ ሥር አስተባብሮ በአንድ ማኅተም የሚያስመርቅ ቤት ግን አልነበረም። እንዲህ ያለው ቤት ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ሲመረቅ፣ ብዙ ሰው በአንድ ቻርተርና በአንድ የቤተ መንግሥት ስጦታ የተፈጠረ መሰለው፤ ዛሬም የሚመስለው ሞልቷል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረ ግን፣ ቻርተሩም ስጦታውም ከሥራው ሁሉ የቀለሉት ነበሩ፤ የከበደው፣ ተራርቀው የተወለዱትንና በተለያየ ሞግዚት ያደጉትን ኮሌጆች አንድ ቤተሰብ ማድረግ ነበር።

የሁሉም በኵር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ይህን ኮሌጅ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ያቋቋሙትና ታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ትምህርቱን ያስጀመሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ፤ ቀደም ሲልም ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር። ዶክተር ማትና ባልንጀሮቻቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ሃይማኖት የፈሰሰውን ደም፣ በዐፄ ፋሲልም የዚሁ ማኅበር አባላት ከአገር መባረራቸውን የሚያስታውስ ሁሉ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ኮሌጅ ለእነሱ በአደራ መሰጠቱን ሲያይ መደነቁ አይቀርም። አደራው ግን ያለ ውል አልተሰጠም፤ ካህናቱ የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው እንደ ማናቸውም መምህር ለብሰው እንዲያስተምሩ፣ ስለ ሃይማኖታቸውም እንዳይሰብኩ ተስማምተው የመጡ ናቸው። ኮሌጁም ሐምሌ 1946 ዓ.ም. የራሱን ቻርተር ተቀበለ።

ከዚህ ቀጥሎ ኮሌጆች በየአቅጣጫው ተነሡ። የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የሕንፃ ኮሌጁን ስዊድኖች በልደታ አቋቋሙት። የእርሻ ኮሌጁ ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ርዳታ በኦክላሆማ መምህራን እጅ በመጀመሪያ በጅማ፣ በኋላም ከዋና ከተማው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐረርጌ ዓለማያ ተተከለ፤ የኦክላሆማውም ውል እስከ 1960 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ግን ከሁሉም ይልቅ በመከራ የተወለደ ነው። በ1945 ዓ.ም. በጎንደር አቅራቢያ ባለው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡን በብዛት ስለ ፈጀ፣ ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ እንደማይቻል ታወቀ፤ ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም የጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና አሜሪካ እየተራዱ፣ የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ሠራተኛ በአንድነት የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ በጎንደር ተመሠረተ። ሦስቱም በቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወርዱ የታሰበበት ይህ ዕቅድ፣ እኔ እንደምመለከተው፣ በዚያ ዘመን ከታሰቡት የትምህርት ዕቅዶች ሁሉ ለአገሩ ችግር የቀረበው ነበር።

እንግዲህ አራት ኪሎ በካናዳዊ ልማድ፣ ዓለማያ በኦክላሆማ ልማድ፣ ልደታ በስዊድን ልማድ ሲኖሩ፣ የአንዱ ተማሪ ውጤት በሌላው ዘንድ ምን ያህል እንደሚመዘን፣ የመምህራኑ መዓርግ እንዴት እንደሚተካከል፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ የሚወስን አንድ አካል መፈለጉ ግድ ሆነ። ከዩታ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ሃሮልድ ቤንትሊ መሪነት የመጣው የአጥኚዎች ቡድን ኮሌጆቹ በአንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲጠቃለሉ መከረ፤ ቻርተሩም በየካቲት 1953 ዓ.ም. ወጣ።

የዩኒቨርሲቲው ስፍራ በስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ግቢ የለቀቁት ከታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው፤ በዚያው ቤተ መንግሥት አረንጓዴ አዳራሽ እነ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ በጥይት ከወደቁ ገና ዓመቱ ነበር። ከዚያም አስቀድሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው። ዛሬም ወደ ዋናው ሕንፃ የሚሄድ ሰው ከፊት ለፊቱ ወደ ሰማይ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ያያል፤ ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበትን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን ቈጥረው ያሠሩት ሲሆን፣ ከጫፉ ላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ደም የፈሰሰበት ቤት የመጻሕፍትና የጉባኤ ቤት መሆኑ ታላቅ ውሳኔ ነበር፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ውሳኔውን አከብረዋለሁ።

በአመራሩ ራስ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ቻንስለር ሆነው ተቀመጡ። ከእሳቸው ሥር የአስተዳደር ቦርዱ፣ ከቦርዱ ሥር ፕሬዝዳንቱ፣ ከዚያም ምክትሎቹና የየፋካልቲው ዲኖች ሲከተሉ፣ የትምህርቱን ነገር የሚመክረው መምህራን የሚሰበሰቡበት የፋካልቲ ጉባኤ ነበር። ለመጀመሪያው ዓመት ዶክተር ቤንትሊ በተጠባባቂነት ከመሩ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ የሆነው ልጅ ካሳ ወልደ ማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ለዘውዱ በጋብቻ የቀረቡ ስለ ነበሩ ሹመቱን በዝምድና ብቻ የሚተረጕሙ አሉ፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት አመራራቸው የተሠራውን ያየ እንዲህ ብሎ ለመፍረድ ይቸግረዋል። የሕግ ፋካልቲ በአሜሪካዊው ጄምስ ፖል ዲንነት የተከፈተው፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ኃላፊነት የተቋቋመው፣ የሕክምናና የንግድ ሥራ ትምህርት የተስፋፋው በእሳቸው ዘመን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ በ1956 ዓ.ም. የፋካልቲ ጉባኤው የደነገገው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ሲታዘዝ፣ አብዛኛው በየአውራጃው መምህር ሆነ፤ ከየፋካልቲው የወጣው ሁሉ በአንድ ግዴታ ሥር ሲውል፣ ቻርተሩ በወረቀት ያወጀው አንድነት በእግርና በአቧራ ተፈጸመ። የገበሬውን ጭሰኝነት በዓይኑ አይቶ የተመለሰው ወጣትም ጥያቄውን ይዞ ተመለሰ፤ የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች ገና ሳይመለሱ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ከትምህርት ፋካልቲ ዲንነት አልፈው በ1961 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ሲሆኑ የጠበቃቸው ይኸው ማዕበል ነበር፤ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዝዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገደለ። አንድ ፕሬዝዳንት ከላይ ለቻንስለሩ፣ ከታች ለተማሪውና ለመምህሩ መልስ መስጠት ሲኖርበት፣ ወንበሩ ምን ያህል እንደሚጠብብ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። አብዮቱ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ተማሪውም መምህሩም ወደ ገጠር ዘመቻ ሄደ፤ ስሙም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ዓለማያ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ጎንደርም በበኩሉ ተከተለ። ያ ቤተሰብ መበተኑን እንደ ውድቀት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ጎልማሳ ልጅ ጎጆ መውጣቱን ውድቀት አልለውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የዚያ ዘመን ዲኖችና የጉባኤ አባላት የተከራከሩበት ቃለ ጉባኤ፣ ማስታወሻና ደብዳቤ በየቤቱ ሣጥን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከእነሱ መካከል በሕይወት ያላችሁ፣ የሞቱትም ቤተሰቦች፣ በእጃችሁ ያለውን ወረቀት ብል ሳይበላው፣ እባካችሁ፣ በስድስት ኪሎ ላለው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አስረክቡ።