ከባሕሩ ወዲህ

ቁጭ በሉማ፣ ላውጋችሁ። ቡናው እስኪፈላ ይበቃናል።

«ውጭ ሀገር ስንት ጊዜ ሄደሃል?» ብትሉኝ ቁጥሩ ይጠፋኛል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወር ሁለቴ፣ ሲቀናኝ ሦስቴ፤ እናንተው አባዙት። «ሀገሩንስ አይተኸዋል?» ካላችሁኝ ግን አንድ ቀን ነው ያየሁት። እሱንም ሰዓት ተሳስቼ ነው ያገኘሁት።

ሰው ውጭ ሀገር ሲል ባሕር ማዶ ማለቱ ነው። የእኔዋ ውጭ ሀገር ከባሕሩ ወዲህ ናት። አውሮፕላን አልተሳፈርኩባትም፣ ሻንጣ አልጎተትኩባትም፤ ተሳቢ ነው የጎተትኩባት። ጅቡቲ! ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ናት። ሀገራችን ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በእሷ በኩል ነው የሚመጣው። የለበሳችሁት፣ የምትጠብሱበት ዘይት፣ ይኼ ወለል ላይ ያለው ሴራሚክ ሳይቀር በአንዱ ሾፌር ወገብ ላይ አልፏል።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ሰኔ ማለት ለእኔ ጉም፣ ጭቃና ባና ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አዋሽን አልፌ ገዋኔ ስደርስ ጃኬት ይወልቃል፣ ሚሌ ላይ ሸሚዝ ይከተላል፣ ሎግያና ሰመራን በካናቴራ አልፋለሁ፣ ዲቾቶን ጨርሼ ጋላፊ ኬላ ላይ ስቆም በሽርጥ ነኝ። ድንበር መድረሴን ካርታ አይነግረኝም፤ ገላዬ ላይ በቀረው ጨርቅ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ ነው። ዮቦኪ፣ ዲኪል፣ ቀጥሎ ግራንድ ባራ የሚሉት ነጭ ደረቅ ሜዳ አለ፤ ውሃ መስሎ እየሸሸ ያታልላችኋል። በመጨረሻ በአርታ ከፍታ በኩል ስታልፉ ባሕሩ እንደ ሰማያዊ ጥለት ብልጭ ይላል። ብልጭ ይልና ይጠፋል። አሥር ዓመት ያየሁት እሱን ነው።

«ወደብ ውስጥ ትገባ የለም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። እገባለሁ። ዶራሌ ገብቼ የማየው ግን አራትና አምስት ተደራርቦ የቆመ የኮንቴይነር ግድግዳ ነው። ክሬኑ ጫነልህ፣ ቆለፍክ፣ ወጣህ። ባሕሩ ከግድግዳው ጀርባ ነው። ይሸታል እንጂ አይታይም።

ኑሯችን ፒኬ 12 ነበር። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ስሙንም ከዚያው ከኪሎ ሜትሩ ነው ያገኘው። ሰሌዳው የእኛ፣ ቋንቋው የእኛ፣ ሽሮው የእኛ። ሻይ ከምታፈላዋ የድሬ ልጅ ጀምሮ እስከ ጎሚስታው አማርኛ ነው። ቀን ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ምድጃ ውስጥ መቀመጥ ነው፤ ስለዚህ ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፈን ጥላው ሲዞር አብረን እንዞራለን። ጠዋት በቀኝ ጎማ፣ ከሰዓት በግራ ጎማ። እንደዚያ እየዞርኩ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስምንት ቀን ወረፋ ጠብቄ፣ ጭኜ እመለሳለሁ። ከተማው በሚኒባስ ስንት ደቂቃ ነው? ጥቂት። ግን ማን ይሄዳል! ስምህ በተጠራበት ሰዓት ካልተገኘህ ወረፋህ ለሌላ ነው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልግባ።

ሰኔ 5 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ቀኑን ያልረሳሁት ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ወረቀቴን የያዘው የአንድ ትራንዚት ቤት ጸሐፊ «ነገ ስምንት ሰዓት ና፣ ያልቃል» አለኝ። በጥርት ያለ አማርኛ ነው ያለኝ፤ ከሾፌር ጋር ሲከራከር የለመደው አማርኛ ነው። እኔም ስምንት ሰዓት አልኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ታጠብኩ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከች! በሩ ተቆልፏል። ግቢው ውስጥ ድመት እንኳን የለም። ዘበኛው ግድግዳ ተደግፎ ጉንጩን ወጥሯል።

«ጠዋት ሲጠብቅህ ነበር» አለኝ።

«ስምንት ሰዓት ና ብሎኝ ነው እኮ!»

«እሱማ ስምንት ሰዓት ጠበቀህ።»

ለካ አማርኛው የእኛ ነው፣ ሰዓቱ የፈረንሳይ! የእሱ ስምንት ሰዓት የእኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። በእኔ ስምንት ሰዓት ደግሞ የእሱ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ሀገሩ በሙሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ያልተኛው ይቅማል። በማግስቱስ? በማግስቱ ዓርብ፤ ዓርብ በዓላቸው ነው።

ተናደድኩ። ረዳቴ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ አሥር ዓመት ተመላልሰህ የሀገሩን ሰዓት አታውቅም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔን ጠርቶኝ የሚያውቀው ክሬን እንጂ ሰዓት አይደለም። ያን ሌሊት ሻይ ቤቷ ደጅ በቴሌቪዥን የብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ተከፈተ፤ ብራዚል ክሮኤሽያን 3 ለ 1 ስትረታ የሁለት ሀገር ሰው ባንድ ላይ ጮኸ። ቀኑን የማልረሳው ለዚህ ነው። እዚያው እንደተቀመጥን «ነገ ማንም አይጠራኝም፤ ታዲያ ለምን ከተማውን አላይም?» አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ባልባላን በመስኮት አየኋት፤ ቆርቆሮ፣ እንጨት፣ አዲስ ብሎኬት፣ እንደገና ቆርቆሮ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሲነግረኝ ፈረንሳዮች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተማዋን በሽቦ አጥረው ነበር፤ መግባት ያልተፈቀደለት ከሽቦው ውጭ ሰፈረ፣ ሰፈሩም ባልባላ ሆነ። ወረፋ ጠባቂ በዝቶ ከተማ ሲሆን አያችሁ?

የወረድኩት መሀል ከተማ ነው። ነጫጭ ግንብ፣ ቅስት ቅስት በረንዳ፣ በየቅስቱ ሥር ጥላ። አንዱን ወጣት «ይኼ አደባባይ ማን ይባላል?» ብለው «ፕላስ ሜኒሊክ» አይለኝም! ቆምኩ። የመንዝ ልጅ፣ ባዕድ ሀገር፣ በላብ ተዘፍቄ... «እምዬ፣ እዚህም ቀደሙኝ?» አልኩ። የመንግሥት ስሙ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ከፈረንሳይ ነፃ በወጡበት ቀን ነው የተሰየመው። የአፍ ስሙ ግን አልለቀቀም።

ትንሽ ወረድ ስትሉ የሐሙዲ መስጊድ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ የቆመ ነው። የዓርብ ሶላት ሲያልቅ ሕዝቡ እንደ ውሃ ወጣ፣ ጥቂት ቆይቶም አንድ ነገር ተከሰተ። መንገዱ ላይ ጥሩምባ እየነፋ መኪና ከነፈ። ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ባለጠረጴዛ ሴቶች እርጥብ ጆንያቸውን ገለጡ። ጫት ገባ! ከእኛው ሀገር በሌሊት ተቆርጦ በየቀኑ የሚደርሳቸው ጫት ነው። እኔ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ስጭን ስምንት ቀን የምጠብቅ ሰውዬ፣ ያ ቅጠል ሳይጠወልግ ድንበር መሻገሩን ሳይ፣ ምን ልበላችሁ... ቀናሁበት።

ራበኝ። የየመን ዓሣ ቤት ገባሁ፤ ሙክባዛ ይሉታል። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው ይዘረጉትና በርበሬ ለቅልቀው እንደ ጉድጓድ ያለ ምድጃ ውስጥ ከግድግዳው ጋር ያስጠጉታል። ከሰፊ ቂጣ ጋር በጋዜጣ ላይ ይመጣል። ሹካ የለም፣ ሰሐን የለም። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለመምህራን ትቼ አጥንቱን ቆጥሬ ጨረስኩት። መልስ የሰጡኝ ሳንቲም ላይ ግመሎች አሉ። ከራሴ በላይ ቬንቲሌተር ይዞራል፤ ባለቤቱ ጣቱን ወደ ጣራው ቀስሮ «መብራቱ ያንተ ሀገር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መስመሩ ከእኛ ከተዘረጋ ሦስት ዓመት ገደማው ነበር። ታዲያ ቤታችን ሲጠፋ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ ብዬ ብቀልድበት፣ እየሳቀ ሻዩን በነፃ ሰጠኝ።

አሮጌው የባቡር ጣቢያ ጥግ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሰላምታዬን ሰምቶ ብቻ «ና አቦ፣ ቁጭ በል!» አለኝ። ድሬዳዋ አድጎ ባቡሩ ላይ ያረጀ ሰው ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚሁ ከተማ ተነሥቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን እንደ ልጆቹ ልደት ይቆጥርልኛል።

«ለገሀር ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«ሰፈር ነዋ፣ አዲስ አበባ ያለ።»

«ወላሂ አታውቅም! ላ ጋር፣ ጣቢያ ማለት ነው፤ ፈረንሳይኛ ነው። ይኼ ያየኸው ግቢ ነው ለገሀር!» አለና ዝገቱን አሳየኝ። ያኔ ባቡሩ አቅሙ አልቋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እየተሠራ ነበር፤ «እሱ ሲመጣ እናንተ ሾፌሮች ምን ትሆናላችሁ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። እሱ መጥቷል፣ እኛም አለን።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን «ባሕሩ የት ነው?» አልኩት። ሲዬስታ ወደሚሉት ዳርቻ ላከኝ። ሄድኩ። እንግዲህ ስሙ፤ ባሕሩ የለም! ጭቃ፣ እርጥብ አሸዋ፣ የተጋደመ ጀልባ። አሥር ዓመት ጠብቄ ደርሼ ባሕሩ ሄዷል! ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ድንጋጤዬ ገብቶት በእጁ «ይመጣል፣ ጠብቅ» አለኝ። ባሕርም ወረፋ አለው ማለት ነው። ጠበቅሁ፤ መጠበቅማ ሥራዬ ነው። ጨለማው ሊወርድ ሲል በዚያ በኩል ሙሉ ጨረቃ ወጣች፣ በዚህ በኩል ውሃው ድምፅ ሳያሰማ፣ ማንም ሳይጠራው፣ አሸዋውን እየላሰ መጥቶ ጫማዬን ነካኝ። እጄን ነከርኩ። ቀመስኩት። በያዝኩት ሃይላንድ ቀድቼ ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ጭኜ ወጣሁ። ወሩ ሳያልቅ መንዝ ወጥቼ ሃይላንዱን ለእናቴ ሰጠኋት።

«ምንድነው?»

«ባሕር።»

ወደ ብርሃኑ አነሣችው። «ዳሩ የት ድረስ ነው?»

«ዳር የለውም፣ እማ።»

«ዳር ከሌለው አንተ በየት ተመለስክ?» አለችና ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ጉም ባፈነው ደጅ ወጥታ ግማሹን የበጎቹ ገንዳ ውስጥ ገለበጠችው፤ በጎቹ አሞሌ ያዩ ያህል ተጋፉበት። የቀረውን ግማሽ ቆጥ ላይ፣ ከጠበሏ ጠርሙስ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።