ስለ መምህርነት ምስክር

ሰው ራሱን መምህር ብሎ ሊሾም አይችልም። መምህር የሚያሰኘው የሌላ መምህር ምስክርነት ነው። ይህ ነገር በደንብና በመመሪያ ከመጻፉ አስቀድሞ አባቶቻችን በሥራ ያጸኑት ስለ ሆነ፤ ይህም መጽሐፍ የመምህራን መታሰቢያ እንደ መሆኑ መጠን፤ ስለ ምስክር ታሪክ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብሁ። የምጽፈው ከጅቡቲ ከተማ ከአምቡሊ ሠፈር ነው። እዚህ ማለዳ ወደ ሥራዬ ስሄድ ከቁርኣን ቤት የሕፃናት ድምፅ ይሰማኛል። አንዱ ልጅ ሉሑን ይዞ በመምህሩ ፊት ያነባል፤ መምህሩም ከተሳሳተበት ቃል ላይ አቁሞ ይመልሰዋል። ይህን ባየሁ ቍጥር ልቤ ወደ አገሬ የድጓ ጉባኤ ይሄዳል። ቃሉ ሌላ ነው፤ የአጠባበቁ ሥርዐት ግን ይመሳሰላልና።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሙያው ሁሉ የታወቀ የምስክር ቤት አለው። ድጓ በጋይንት በቤተ ልሔም፤ ዝማሬና መዋሥዕት በዚያው በጋይንት በዙር አምባ፤ ቅዳሴ በሰለልኩላና በደብረ ዓባይ፤ አቋቋም በጎንደር በበዓታ ይመሰከራል። የዜማ ተማሪ በመምህሩ ዘንድ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ጾመ ድጓውንና ድጓውን ከዘለቀ በኋላ፤ ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ቢፈልግ ወደ ቤተ ልሔም ይወጣል። ልብሱ ደበሎ፤ ስንቁ ከየደጁ የለመነው ቍራሽ ነው። እዚያም ሲደርስ የተማረውን እንደ ገና ከመምህሩ ፊት ያዜማል፤ በእጁ የያዘውንም ድጓ ምልክቱን ከምስክር ቤቱ ድጓ ጋር ያስተያያል፤ የተሳሳተው ይፋቃል፤ የጎደለው ይሞላል። ይህን ከፈጸመ በኋላ «አስመስክሮ ተመለሰ» ይባልለታል፤ ተማሪም በልበ ሙሉነት ወደ እርሱ ይሰበሰባል።

ይህ ሥርዐት ከምን እንደ መጣ መመርመር ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዜማውን በግዕዝ፤ በዕዝልና በአራራይ የደረሰው በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ያስተምራል። ከዚያ በኋላ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 1543 ድረስ በቆየው በግራኝ አሕመድ ጦርነት፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ሊቃውንቱም አለቁ። ከጥፋቱ የተረፈው ድጓ በቤተ ልሔም እንደ ተገኘ ሊቃውንቱ ይተርካሉ። በዐፄ ገላውዴዎስም ዘመን (1540–1559 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት በሥርዐት አቆሙት። እንግዲህ ምስክር የተጠናከረው ከክብር ፍለጋ ሳይሆን ከመጥፋት ፍርሃት ነው ለማለት እንደፍራለን።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዜማው በምልክት ከተጻፈ ዘንድ ተማሪው ከመጽሐፉ አንብቦ ለምን አይማረውም? ምላሹ በምልክቱ ጠባይ ውስጥ አለ። ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል ከሚጻፉት ምልክቶች ብዙዎቹ አስቀድሞ ከታወቀ የዜማ ሐረግ ላይ የተወሰዱ አኅጽሮተ ቃላት ናቸው፤ ያንን ሐረግ ከመምህር አፍ የሰማ ሰው ያስታውስባቸዋል፤ ያልሰማ ግን ፊደል ብቻ ያያል። ስለዚህ ጽሕፈቱ መምህሩን አልተካውም፤ ይልቁንም መምህሩ የግድ እንዲያስፈልግ አደረገው።

ሆኖም ምስክር ዋጋ የማያስከፍል አይደለም። ከቤተ ልሔም ሌላ የቆማና የአጫብር የዜማ ስልቶችም ነበሩ፤ አሉም። ነገር ግን የድጓ መምህር ሁሉ ከአንድ ቤት እንዲያስመሰክር ልማዱ ሲጸና የቤተ ልሔም ዜማ በአገሩ ሁሉ ሰፋ፤ የቀሩት ግን በየአጥቢያቸው ተወሰኑ። አንዱን ቤት አጥብቆ መጠበቅ ሌላውን ያሳንሳል። ደግሞም መንገዱን ለመሄድ ያልቻሉ፤ ይልቁንም ሴቶች፤ ከዚህ ማዕርግ ርቀው ኖረዋል። በጎጃም ቅኔ ሲያስተምሩ የነበሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው ከችሎታቸው በላይ እንደ እርሳቸው ያሉት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ነው።

የቅኔም ነገር ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በዋድላም፤ በጎንጅም፤ በዋሸራም ቤት ቢማር፤ ባለ ቅኔ የሚመሰከርለት የመምህሩን ቅኔ ደግሞ በማለቱ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያልተባለውን የራሱን ቅኔ ቈጥሮ በማቅረቡ ነው። ከድጓ ተማሪ አንዲት ምልክት እንዳይለውጥ ይጠየቃል፤ ከቅኔ ተማሪ ግን በየቀኑ አዲስ ነገር ይጠየቃል። ሁለቱም ግን ትውፊት ናቸው። ትውፊትን መጠበቅ መድገም ብቻ ነው የሚል ሰው የአባቶችን ትምህርት ቤት እኩሌታ ብቻ ያየ ነው።

ወደ ጎረቤቶቻችንና ወደ ሩቅ አገር ብንመለከት ጥያቄው ያው ሆኖ እናገኘዋለን። በእስልምና ትምህርት ቍርኣንን በቃሉ የያዘ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመምህሩ ፊት ካነበበ በኋላ ኢጃዛ ይቀበላል፤ በዚያም የመምህሩ፤ የመምህሩም መምህር ስም እያለ ወደ ላይ ይቈጠራል። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረው የህንድ ዮጋ ደግሞ ወደ ምዕራብ አገሮች በተስፋፋ ጊዜ ማን ያስተምረው የሚል ክርክር ተነሣ። በአሜሪካ በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተቋቋመ አንድ የዮጋ ማኅበር የ200 ሰዓት ሥልጠናን ለአስተማሪነት መለኪያ አደረገ። ሰዓት መቍጠር ለብዙ ሰው በሩን ይከፍታል፤ ይህ በጎ ነው። ነገር ግን ሰዓት ተማሪው መቀመጡን እንጂ መማሩን አይመሰክርም።

እኛስ? በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ በአገር ልጅ ለመተካት ብዙ ዓመት ፈጀ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም በ1941 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘና መጣ። ቍጥሩ ለበዛ ተማሪ ብዙ መምህር በአጭር ጊዜ ማዘጋጀት የግድ ስለ ነበረ፤ የወረቀት ምስክር መምጣቱን የሚነቅፍ አስተዋይ ሰው የለም።

እኔም ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ስሙን በማልጠራው የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ስሠራ ለአንድ ዕጩ መምህር «ማስተማር ይችላል» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ሲያስተምር የሰማሁት አርባ ደቂቃ ብቻ ነበር። ዕጩው ትጉህ ነበር፤ ምናልባት ደኅና መምህር ሆኖ ይሆናል። እኔ ግን ያልሰማሁትን መሰከርሁ። በዚያ ማታ በቤተ ልሔም የተማሪውን ዜማ ከዳር እስከ ዳር የሚያዳምጡትን የኔታ አሰብኋቸው፤ አፈርሁም።

ስለዚህ የተከበራችሁ የሥራ ጓደኞቼ፤ ከአባቶች ሥርዐት ሦስት ነገር ብንወስድ ይበጀናል። መጀመሪያ፤ የሚመሰክር ሰው ራሱ ሰምቶ ይመስክር። ሁለተኛ፤ መስካሪው በዚያው መንገድ ያለፈና ዛሬም ወንበሩን ያልተወ መምህር ይሁን። ሦስተኛ፤ አንዱን ቤት ስናጸና ሌላው እንዳይዘጋ፤ መንገዱ የራቀበትም እንዳይቀር እንጠንቀቅ። የምስክር ቤቶቹንም ነገር ቸል አንበል። በጋይንት ተራራ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ከጠፋ ድጓው በመጽሐፍ ይኖራል፤ ምልክቱን አይቶ ዜማውን የሚያስታውስ ግን አይኖርም።

ነገ ማለዳም በአምቡሊ ያ ልጅ ሉሑን ይዞ ይቀመጣል፤ መምህሩም ጆሮውን ይሰጠዋል። የምስክር መጀመሪያው ይህ ነው፤ ማኅተሙ በኋላ የሚመጣ ነው።